ከወሎ ተነስቶ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ መሆን፦ ከቅሬ መዝገብ እስከ ባንክ ሰርቨር

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ መረጃው አሁን ቢጠፋ መልሶ ማምጣት ይችላል ወይስ አይችልም? ፍጥነቱ፣ የተጠቃሚ ፈቃዱ፣ የሠንጠረዥ አሠራሩ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ሐይቅ ተቀምጠው “ዳታቤዝ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር?” ለሚሉ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተማረ መንገዱ ያጥርለታል፤ በሌላ ሙያ ተመርቆ ኮምፒውተር የሚወድም ከተጋ ይደርስበታል።

ወሎ ውስጥ “መረጃው ቢጠፋ ይመለሳል ወይ?” የሚለው የመማሪያ ክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ውስጥ የሕክምና ተቋማትና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል። የታካሚ ታሪክ፣ የተማሪ ውጤት፣ የቆጣቢ ሒሳብ ግን ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው በምንም ብር አይገዛም። አብዛኛው ኮርስ ባክአፕን፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂን፣ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እዚህ ግን ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ።

1. ሥራውን ከሌሎቹ መለየት

ፕሮግራመሩ መረጃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሶፍትዌር ይሠራል። ዳታ አናሊስቱ ከመረጃው ውስጥ መልስ ያወጣል። የዳታቤዝ አስተዳዳሪው መረጃው የሚኖርበትን ቤት ይጠብቃል፦ ሰርቨሩን (መረጃው ያለበትን ዋና ኮምፒውተር) ይተክላል፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል ይወስናል፣ ባክአፕ ያደርጋል፣ ዘገምተኛውን ያፈጥናል፣ ሲወድቅ ያነሣል። ማታ የሚደወልለትም እሱ ነው። ባንክ ውስጥ የቀን መዝጊያው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ የሥራ ሰዓቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዓት አይደለም። ትዕግሥተኛ፣ ጠንቃቃና የሠራውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ይስማማዋል። በየቀኑ አዲስ ነገር መፍጠር የሚፈልግ ወደ ፕሮግራሚንጉ ቢያዘነብል ይሻለዋል።

2. አንድ ዳታቤዝ መርጦ እሱን ብቻ መያዝ

ኦራክል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስ፣ ማሪያዲቢ... ስሙ ብዙ ነው። ሁሉም ግን አንድ መሠረት አላቸው፤ የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን በሠንጠረዥና በሠንጠረዦች ግንኙነት ማስቀመጥ እንደሚቻል ያቀረበው ሐሳብ ነው። ቋንቋቸውም ኤስኪውኤል ነው። አንዱን በሚገባ የያዘ ሌላውን በወራት ይለምደዋል፤ አምስቱን በአንዴ የነካካ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ አንዱንም አያብራራም።

የኔ ምክር ከፖስትግሬስ ጀምሩ ነው። ነጻ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሙከራ ጊዜው አያልቅም። በዚህ ላይ አገራችን ውስጥ ሥራ ላይ ያለ ነው። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚሠራው በፖስትግሬስ ነው፤ ቦሩ ሜዳም ሆነ መርሳ ያለ የጤና መረጃ ባለሙያ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ሲያስገባ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ፖስትግሬስ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ለሒሳብና ለንብረት የሚጠቀሙበት ኦዱም እንዲሁ።

ባንክ ለመግባት ያሰበ በኋላ ኦራክልን መጨመር ይኖርበታል፤ የባንኮች ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ኦራክል ይላል። ለልምምድ የሚሆን ነጻ እትም አለው፤ የመረጃው መጠን እስከ 12 ጊጋ ባይት የተገደበ ነው። ማይክሮሶፍትም የኤስኪውኤል ሰርቨርን ዴቬሎፐር እትም ለመማሪያ በነጻ ይሰጣል። ሁለቱንም ግን ለኋላ አቆዩአቸው።

3. ማሽኑን ማዘጋጀት

8 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ቢሆን ደግ ነው። ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ሶፍትዌር) ጫኑና በውስጡ ኡቡንቱ ሰርቨር የሚባለውን ሊነክስ አስገቡ፤ እውነተኛ ሰርቨሮች በአብዛኛው ሊነክስ ላይ ስለሚሠሩ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከአሁኑ መልመድ ያስፈልጋል። ፖስትግሬስን እዚያ ላይ ጫኑት። ማውረዱን የኢትዮ ቴሌኮም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ በአንድ ሌሊት ጨርሱት። በዚያው ሌሊት የፖስትግሬስን ኦፊሴላዊ መመሪያ በፒዲኤፍ አውርዱ። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ከየትኛውም ቪዲዮ በላይም ይታመናል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ግን ማንበብ ግድ ነው። የስሕተት መልእክቱም፣ መፍትሔውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህን መዝለል አይቻልም።

4. የመጀመሪያ ዳታቤዛችሁ፦ የቅሬ መዝገብ

መጻሕፍት ሁሉ ስለ አሜሪካ መደብርና ስለ ሲዲ ሽያጭ ምሳሌ ይሰጣሉ። እናንተ ቅሬን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ ውሰዱ። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ ነው፤ ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ ለዳታቤዝ ልምምድ የሚያስፈልገው ሁሉ በውስጡ አለ፦ አባል፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚቀበለው ገንዘብ፣ የሚዋሱት ድስትና ድንኳን። የቅሬው ዳኛ ወይም ጸሐፊው የመዝገቡን ቅርጽ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ስሞቹን ግን አትቅዱ፤ ለልምምድ የፈጠራ ስም ተጠቀሙ። የሰው መረጃ ያለ ፈቃድ አለመውሰድ የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ልማድ መሆን አለበት።

ወረቀቱ ላይ በአብዛኛው የምታዩት እንዲህ ነው፦ በግራ ስም፣ ከዚያ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ እስከ ነሐሴ የሚሄድ አግድም መስመር፣ በየሳጥኑ ምልክት። ጀማሪ ሁሉ ይህንኑ ገልብጦ 12 ኮለም (ዓምድ) ያለው ሠንጠረዥ ይሠራል። ለወረቀት ጥሩ ነው፤ ለዳታቤዝ ግን አይሆንም። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላ 12 ኮለም? አንድ ሰው የሁለት ወር መዋጮ በአንድ ቀን ሲከፍል ቀኑን የት ትጽፋላችሁ?

መፍትሔው መነጠል ነው። አንዱ ሠንጠረዥ “አባላት” ይሁን፤ የአባሉ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ቀን። ሌላው “መዋጮ” ይሁን፤ የአባሉ ቁጥር፣ የየትኛው ወር እንደሆነ፣ የተከፈለበት ቀን፣ የብሩ መጠን። እያንዳንዱ ክፍያ አንድ ረድፍ ነው። መቶ ዓመት ቢቀጥል ኮለም አይጨመርም።

ለምን የአባል ቁጥር? ወሎ ውስጥ አንድ ቅሬ ውስጥ ሁለት ሰይድ መሐመድ መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ የአያታቸው ስም ሳይቀር ሊገጥም ይችላል። ስም ሰውን አይለይም። ቁጥሩ ፕራይመሪ ኪይ ይባላል፤ መዋጮው ላይ ሲደገም ደግሞ ፎሪን ኪይ ይሆናል። ፎሪን ኪዩን በትክክል ካሰራችሁ የሌለ አባል መዋጮ ከፈለ ብሎ መመዝገብ አይቻልም፤ ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላል። አባል ሲለቅም አትሰርዙት፤ “የለቀቀበት ቀን” የሚል ኮለም ጨምሩ። ያለፈው ሒሳብ ከሰውየው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

ብርን ለመመዝገብ ኒውመሪክ የሚባለውን ዓይነት ተጠቀሙ። ፍሎት የሚባለው አሥርዮሽ ቁጥርን በግምት ስለሚይዝ ሳንቲም ያጎድላል፤ ገንዘብ ያዥ ፊት ደግሞ የአንድ ሳንቲም ልዩነት ትልቅ ነው።

ይህ ሲያልቅ ጥያቄ ጠይቁት። የሦስት ወር መዋጮ ያለበት ማን ነው? ዘንድሮ ስንት ብር ገባ፣ ስንት ወጣ? ከሁለት ሠንጠረዥ አጣምሮ ማውጣት፣ መደመር፣ መመደብ እዚህ ላይ ይለመዳል። “ጆይን” እና “ግሩፕ ባይ” የሚባሉትን ሳታስቡ እስክትጽፏቸው ድረስ አትለፉ።

5. ስምና ቀን፦ እኛ ዘንድ ብቻ የሚያጋጥመው

ይህን ክፍል የውጭ ኮርስ አያስተምራችሁም፤ ሥራ ስትይዙ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይገጥማችኋል።

በመጀመሪያ ፊደሉ። ፖስትግሬስ ላይ ዳታቤዙ ሲፈጠር የፊደል አቀማመጡ ዩቲኤፍ 8 (የእኛንም ፊደል የሚይዘው) መሆኑን አረጋግጡ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ስም የሚገባበት ኮለም ኤንቫርቻር መሆን አለበት፤ በተለመደው አሠራር ቫርቻር ከሆነ “ፋጡማ” ብላችሁ ያስገባችሁት ስም የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ አይመለስም።

ቀጥሎ አጻጻፉ። አንዱ ጸሐፊ “መሐመድ” ይላል፣ ሌላው “ሙሐመድ”፣ ሦስተኛው “መሀመድ”። “ኃይሉ” እና “ሀይሉ”፣ “ሠይድ” እና “ሰይድ”፣ “ፀሐይ” እና “ጸሐይ” ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሆስፒታል ካርድ ክፍል የመጣች እናት “ስምሽ የለም” ተብላ አዲስ ካርድ የሚወጣላት፣ የቀድሞ ሕክምናዋም ተቆርጦ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው እንዲህ ነው። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው አስቀምጡ። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ኮለም ፍጠሩ፤ እዚያ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነርባታቸው ይቀየሩ። ፈላጊው የጻፈውም በዚያው ሕግ ተቀይሮ ይፈለግ። የሀ እና የሃ፣ የአ እና የኣ ልዩነትንም አንድ አድርጉት። “መ” እና “ሙ”ን ግን በዚህ መንገድ አትነካኩ፤ እነሱ የድምፅ ልዩነት ስላላቸው ሌላ ስም ታበላሻላችሁ። ለእነሱ የአባት ስምና ስልክ ጨምሮ መፈለግ ይሻላል። ይህን ትንሽ ፋንክሽን ራሳችሁ ጻፉት። ቃለ መጠይቅ ላይ ስታሳዩት ከብዙ የምስክር ወረቀት በላይ ይናገራል።

ሦስተኛው ቀን ነው። ዳታቤዞች የሚያውቁት የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 2017-02-30 ብላችሁ ብታስገቡ ፖስትግሬስ አይቀበልም፤ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውምና። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ብሎ አያውቃትም። እነዚህ ደህናዎቹ ናቸው፤ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። አደገኛው መስከረም 5 ቀን 2017 ነው። 2017-01-05 ተብሎ ሲገባ ዳታቤዙ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ እንደ ጃንዋሪ 5 ቆጥሮ ማለት ነው። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 15፣ 2024 ስለሆነ የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ስሕተት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተቀመጠ። የሕፃን ክትባት ወይም የብድር መክፈያ ቀን ቢሆን አስቡት። ስለዚህ ውስጥ የሚቀመጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ ተጠቃሚው የሚያየውና የሚያስገባው በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ መሐል ላይ መቀየሪያ ይኑር። በአንድ ኮለም ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠር መቀላቀል ፈጽሞ አይፈቀድ።

6. አጥፍቶ መመለስ

ለዚህ ደረጃ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ስጡት። የቅሬውን ዳታቤዝ ሞልታችሁ ስትጨርሱ ፒጂ ደምፕ በሚባለው መሣሪያ፣ ከስተም የሚባለውን ቅርጽ መርጣችሁ፣ ባክአፕ አድርጉት። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ዳታቤዙን ሙሉ በሙሉ ሰርዙት። አዎ፣ ሰርዙት። አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ክፈቱና ከፍላሹ ላይ በፒጂ ሪስቶር መልሱት። አባላቱን ቁጠሩ፤ የመዋጮውን ድምር ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። በሚቀጥለው ቀን የጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ድገሙት። ያን ጊዜ ብዙ ነገር ይወጣል፦ የፖስትግሬሱ እትም ይለያያል፣ የተጠቃሚ ስሙ የለም፣ የይለፍ ቃሉ አልተገለበጠም። ፒጂ ደምፕ የአንዱን ዳታቤዝ ይዘት እንጂ የሰርቨሩን ተጠቃሚዎች አይዝም፤ እነሱን ለብቻ ፒጂ ደምፕ ኦል በሚባለው መውሰድ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ላይ ሆኖ፣ ሥራ አስኪያጅ ከጀርባ ቆሞ ከመማር ቤት ተቀምጦ መማር ስንት ጊዜ ይሻላል!

በቀን አንዴ ባክአፕ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ባክአፑ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተደርጎ ሰርቨሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢበላሽ የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ የሚጽፍበት ዋል የሚባል መዝገብ አለው፤ ኦራክል ሪዱ ሎግ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ትራንዛክሽን ሎግ ይለዋል። ሙሉ ቅጂውንና ከዚያ በኋላ የተጻፈውን መዝገብ በአንድነት ካስቀመጣችሁ ዳታቤዙን ወደፈለጋችሁት ደቂቃ መመለስ ትችላላችሁ። ልምምዱ እንዲህ ነው። መዝገቡ ወደ ሌላ ማህደር እንዲቀመጥ አስተካክሉ፣ በፒጂ ደምፕ ሳይሆን በፒጂ ቤዝባክአፕ ሙሉ ቅጂ ውሰዱ፣ ጥቂት መዋጮ መዝግቡ፣ ሰዓቱን ያዙ። ከዚያ “ዴሊት” የሚለውን ትእዛዝ “ዌር” የሚለውን (የትኛው ረድፍ እንደሚሰረዝ የሚወስነውን) ሳትጨምሩ መዋጮው ላይ ስጡ። ሁሉም ይጠፋል። አሁን ከትእዛዙ አንድ ደቂቃ በፊት ወደነበረው መልሱት። ይህን ያለ ማንም እርዳታ ማድረግ የቻለ ሰው ጀማሪ መባሉ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ሰዓቱን ልብ በሉ። ሠራተኛው “ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው የጠፋው” ሲላችሁ በሰርቨሩ አቆጣጠር 10፡00 ማለቱ ነው፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ 7፡00። ሳትጠይቁ ብትመልሱ ደህናውን ሥራ ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ። መጀመሪያ በየትኛው ሰዓት እየተነጋገራችሁ እንደሆነ አረጋግጡ።

መብራትም አለ። ደሴ ላይ መብራት ድንገት ሲሄድ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) የሌለው ሰርቨር በሥራ መሐል ይጠፋል። ዳታቤዙ ተመልሶ ሲነሣ ዋሉን አንብቦ ያልተጠናቀቀውን ጥሎ የተጠናቀቀውን ያጸናል። አንድ ሰው ከቅሬው ሒሳብ 500 ብር ወደ ሌላ ሒሳብ ሲያዛውር መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ብሩ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ አይቀርም፤ ወይ ሁለቱም ይሆናል ወይ አንዱም አይሆንም። ትራንዛክሽን የሚባለው ይህ ነው። ቨርቹዋል ማሽናችሁን በሥራ መሐል ድንገት አጥፉትና ሲነሣ ፖስትግሬስ በመልእክት ፋይሉ (ሎጉ) ላይ የሚጽፈውን አንብቡ።

ቅጂው የት ይቀመጥ? የተለመደው ሕግ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይላል። እኛ ዘንድ “ከግቢው ውጭ” የሚለውን ሰፋ አድርጎ ማሰብ ይገባል። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው፤ በ2014 ሁለቱም የተያዙት በተቀራረቡ ቀናት ነበር። የደሴውን ቅጂ ኮምቦልቻ ያስቀመጠ ድርጅት ሁለቱንም ሊያጣ ይችል ነበር። ስለዚህ አንዱ ቅጂ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ፣ ወይም ክላውድ ላይ ይሁን። ከግቢ የሚወጣ ቅጂ ደግሞ ሁልጊዜ መመስጠር አለበት፤ የተሰረቀ ሃርድ ዲስክ የሰውን ምስጢር ይዞ እንዳይዞር። የመክፈቻ ቁልፉን ከዲስኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጉ።

7. ፈቃድና ፍጥነት

ፈቃዱ ቀላል ነው፤ ችግሩ ስንፍና ነው። ለገንዘብ ያዡ መዋጮ የሚያስገባ፣ ለዳኛው ማየት ብቻ የሚችል፣ ለራሳችሁ ሁሉን የሚያደርግ የተለያየ ተጠቃሚ ፍጠሩ። ሁሉም ሰው በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባበት መሥሪያ ቤት ማን ምን እንደሠራ መቼም አያውቅም። የፖስትግሬስን በር፣ ማለትም 5432ን፣ ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታም ነው፤ አዋጁን አግኝታችሁ አንብቡት።

ፍጥነትን ለመማር ብዙ መረጃ ያስፈልጋል። ጄኔሬት ሲሪስ በሚባለው ፋንክሽን አንድ ሚሊዮን የፈጠራ ክፍያ ሙሉና በአንድ አባል ቁጥር ፈልጉ። ከጥያቄው ፊት “ኤክስፕሌን አናላይዝ” ብትጨምሩ ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳነበበ ይነግራችኋል። ኮለሙ ላይ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋን የሚያሳጥር) ሠርታችሁ ድገሙት፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ኢንዴክስ በበዛ ቁጥር ግን መረጃ ማስገባቱ ይዘገያል፤ ለሚፈለግበት ኮለም ብቻ ይሠራ።

8. ትምህርትና የምስክር ወረቀት

ዲግሪ ለሚፈልግ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አሉ። በቴክኒክና ሙያ መንገድ የሚሄድ የዳታቤዝ አስተዳደር በደረጃ የሚሰጥ ሙያ መሆኑን ይወቅና ደሴ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ወይም ኮምቦልቻ ያሉትን ኮሌጆች ዘንድሮ ምዝገባ ስለመኖሩ በአካል ሄዶ ይጠይቅ። የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ ማለፍ ለመንግሥት ቅጥር ይጠቅማል። በ2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ደግሞ ፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መሠረት በነጻ ይሰጣል፤ የዳታቤዝ አስተዳደርን ባይተካም የኢንተርኔት ትምህርትን ለመልመድ ጥሩ በር ነው።

የኦራክልና የማይክሮሶፍት ፈተናዎች በዶላር ይከፈልባቸዋል። ከኪሳችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። ሥራ ከያዛችሁ በኋላ መሥሪያ ቤት የሚሸፍንበት ዕድል አለ፤ ያልሠራ ሰው ወረቀት ደግሞ ጠያቂው ሁለት ጥያቄ ሲጨምር ይታወቃል።

9. ሥራውን ማግኘት

ግልጽ ልናገር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ “ዳታቤዝ አድሚኒስትሬተር” የሚል ማስታወቂያ በየሳምንቱ አይወጣም። የባንኮቹ ዋና ዳታቤዝ ያለው ዋና መሥሪያ ቤታቸው ባለበት፣ አዲስ አበባ ነው። እዚህ የሚወጣው “የአይሲቲ ባለሙያ”፣ “የጤና መረጃ ባለሙያ”፣ “ዳታ ኢንኮደር”፣ “ሲስተም አስተዳዳሪ” የሚል ነው። እነዚህን አትናቁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ከተማው ውስጥ ያሉት ፋብሪካዎች የደመወዝና የንብረት ሲስተም አላቸው፤ ሆስፒታሎቹ የካርድ ሲስተም፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሬጅስትራር፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የጤና መድን አባላት መዝገብ አላቸው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ዳታቤዝ አለ፤ ባለቤት ያለው ግን ጥቂቱ ነው። በአይሲቲ ባለሙያነት ግቡና ኃላፊያችሁን “ባክአፑን እኔ ልያዘው” በሉ። ማንም አይከለክላችሁም፤ ሥራው የሚሸሽ ስለሆነ። ከዓመት በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ “የዳታቤዝ ባክአፕና ሪስቶር ኃላፊ” ተብሎ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ለአዲስ አበባ ባንክ የሚያበቃችሁ ያ መስመር ነው።

ትንንሽ ነጋዴዎችንም አትርሱ። ደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አከፋፋይ የሒሳብ መዝገቡን በፒችትሪ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይዞ ቅጂ የሌለው ከሆነ፣ በየሳምንቱ ባክአፕ አድርጎ በወር አንዴ መመለሱን የሚያረጋግጥለት ሰው ያስፈልገዋል። በአነስተኛ ክፍያ ተዋዋሉ፤ የምታደርጉትንና የማታደርጉትን በጽሑፍ አስቀምጡ።

ማስታወቂያ በኢትዮጆብስ፣ በሪፖርተር ጋዜጣና በቴሌግራም ቻናሎች ተከታተሉ። “ዜሮ ዓመት” የሚል ሲወጣ በዚያው ቀን አመልክቱ። ሲቪው ላይ “ኤስኪውኤል እችላለሁ” ከማለት የቅሬውን ሥራ አስቀምጡ፦ የሠንጠረዡን ንድፍ፣ የስም መፈለጊያውን፣ ዳታቤዙ ጠፍቶ በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ የሚያሳየውን ማስታወሻ። ጊትሀብ ላይ ብታስቀምጡት ሊንኩን መስጠት ይበቃል።

ቃለ መጠይቅ ላይ የሚመላለሱት ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። ሙሉ ባክአፕና ዲፈረንሺያል በምን ይለያያሉ? ሁለት ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ ተጠባብቀው ቢቆሙ ምን ታደርጋለህ? ትናንት ፈጣን የነበረ ሪፖርት ዛሬ ቢዘገይ ከየት ትጀምራለህ? ዲስኩ በሎግ ፋይል ቢሞላስ? ለመጨረሻው “እሰርዘዋለሁ” የሚል መልስ ብዙ ሰው ይጥላል። ሎጉ ለምን እንደተከማቸ፣ ባክአፑ ወይም ወደ ሌላ ሰርቨር የሚደረገው ቅጂ ቆሞ እንደሆነ ማጣራት ይቀድማል። የማታውቁትን “አላውቅም፤ ግን በዚህ መንገድ አጣራዋለሁ” በሉ። መረጃ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ገምቶ የሚሠራ ሰው አይፈለግም።

10. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ምንም ነገር ለማሻሻል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዝርዝር ሥሩ፦ ስንት ዳታቤዝ አለ፣ የት ሰርቨር ላይ፣ እትሙ ስንት ነው፣ የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል፣ የለቀቀ ሠራተኛ ስም አሁንም አለ ወይ? ከዚያ “ባክአፑ በመጨረሻ ተመልሶ የተሞከረው መቼ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ “ተሞክሮ አያውቅም” ከሆነ የመጀመሪያ ሥራችሁን አገኛችሁ። ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ዋናውን ሰርቨር ሳትነኩ፣ በሌላ ማሽን ላይ መልሱትና ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለኃላፊው ስጡ።

ዋናው ሰርቨር ላይ የሚሰጥ የማሻሻያም ሆነ የመሰረዣ ትእዛዝ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ መጀመሪያ ያንኑ ቅድመ ሁኔታ በ“ሴሌክት” አይታችሁ ስንት ረድፍ እንደሚነካ ቁጠሩ፤ “ቢጊን” ብላችሁ ትራንዛክሽን ክፈቱ፤ ትእዛዙን ስጡ፤ የተነካው ቁጥር ከቆጠራችሁት ጋር ከገጠመ “ኮሚት” ብላችሁ አጽኑት፣ ካልገጠመ “ሮልባክ” ብላችሁ ወደ ነበረበት መልሱት። ማይኤስኪውኤል ወይም ኦራክል ላይ የሠንጠረዡን ቅርጽ የሚቀይር ትእዛዝ በራሱ ኮሚት ስለሚያደርግ ሮልባክ አያድናችሁም፤ እዚያ ላይ ከትእዛዙ በፊት ባክአፕ ግድ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላና የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ሳምንት ምንም ለውጥ አታድርጉ፤ የሚጠየቅም ካለ ለሐምሌ አስተላልፉት።